የዕብራይስጥ ጸሎትን ከነትርጉሙ መማር፦ ከደቡብ ጎንደር ለተነሡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የቀረበ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከደብረ ታቦር፣ ከሊቦና በአጠቃላይ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ለተነሡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች፣ ከእነርሱም መካከል ልጆቻቸውን በአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆችና በጎልማሳነታቸው የዕብራይስጥ ጸሎት መማር ለጀመሩ ሰዎች ነው። ተማሪው በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ የጸሎት ቤት አጠገብ ቢማርም፣ በእስራኤል አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሆንም፣ የሚገጥመው ፈተና አንድ ነው፤ ጸሎቱን በቃሉ ይይዘዋል፣ ከጉባኤው ጋር አብሮ ያዜመዋል፣ ምን እያለ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል። መመሪያው በየደረጃው የሚያስረዳው አንድ ፍሬ ነገር ነው፤ እርሱም የቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች ለዘመናት የጸለዩበት ግእዝ ለዕብራይስጡ ጸሎት ትርጉም ቅርቡ በር መሆኑና፣ በዚህ በር የገባ ተማሪ አዲሱን ሲይዝ የወላጆቹን ጸሎት የማይጥል መሆኑ ነው።

የትምህርቱ ታሪካዊ መነሻ

ቤተ እስራኤል ኦሪትንና ዳዊትን በግእዝ ሲያነቡ፣ ጸሎታቸውንም በአብዛኛው በግእዝ፣ በከፊል ደግሞ በአገውኛ ሲያደርሱ ኖረዋል። ጸሎቱ የሚደርስበት ቤት መስጊድ ይባላል፤ ይኸውም የስግደት ስፍራ ማለት ሲሆን፣ ጸሎቱን የሚመሩት ቄሶች ሥርዓቱን የሚቀስሙት ከቀደሙት ካህናትና መነኮሳት አፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ ወደ ጎንደር ምድር ከገባ ወዲህ የወንጌል መልእክተኞች እንቅስቃሴ እየሰፋ በመሄዱ፣ በአውሮፓ የነበሩ አይሁድ በወገኖቻቸው ላይ የመጣውን ግፊት ሰምተው መልእክተኛ መላክ ጀመሩ። በ1867 እና በ1868 አገሩን የጎበኘው ዮሴፍ ሃሌቪ የቤተ እስራኤልን የግእዝ ጸሎቶች ሰብስቦ፣ የዕብራይስጥ ትርጉም አክሎ፣ በ1877 በፓሪስ አሳተመ። በዚህም ሁለቱ የጸሎት ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ከ140 ዓመት በፊት ታይቷል።

ከዚያ በኋላ በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪች ወጣቶችን ወደ ውጭ ወስዶ አስተማረ፤ ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ታምራት አማኑኤል በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መርተዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአስመራ የዕብራይስጥና የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 እና በ1956 ወጣቶች በእስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ተልከው ከተማሩ በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደሩ አስተማሩ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻና በግንቦት 1991 በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ ብዙው ሕዝብ እስራኤል ሲገባ፣ ልጆቹ በመንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ተደረገ። ልጁ በትምህርት ቤት የዕብራይስጡን ሥርዓት ሲማር፣ አባቱና አያቱ በግእዝ ሲጸልዩ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የማይግባቡ ጸሎቶች ያሉ መሰለ። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ደረጃዎች ይህን ልዩነት ለማጥበብ የታሰቡ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ የጸሎት መጽሐፍና መምህር መምረጥ

የዕብራይስጡ የጸሎት መጽሐፍ ሲዱር ይባላል፤ ቃሉ ቅደም ተከተል ከሚል ሥር የወጣ ሲሆን፣ በውስጡ የሻሐሪት ማለትም የጠዋት፣ የሚንሓ ማለትም የከሰዓት በኋላ፣ የዐርቪት ማለትም የማታ ጸሎቶች በየተራቸው ተደርድረዋል። ሲዱሮች እንደየጉባኤው ልማድ በቃላትና በአደራደር ስለሚለያዩ፣ ይህም ልዩነት ኑሳሕ ስለሚባል፣ ጀማሪው መጽሐፍ ከመያዙ በፊት ትምህርት ቤቱ ወይም የሚሰግድበት ጉባኤ የሚከተለው የትኛውን ኑሳሕ እንደሆነ መጠየቅና እስኪጠነክር ድረስ ከዚያው ከአንዱ አለመውጣት ይገባዋል። የተመረጠው ሲዱር ፊደሉ ጎላ ያለና የድምፅ ምልክቶቹ የተሟሉለት መሆን አለበት፤ የአማርኛ ትርጉም ያለው ከተገኘ ይመረጣል፣ ካልተገኘም ተማሪው ትርጉሙን የሚጽፍበት አንድ ደብተር ከሲዱሩ ጋር ይያዝ።

መምህርን በተመለከተ፣ ዕብራይስጡን በትክክል የሚያነብ አንድ ሰውና ግእዙን የሚያውቅ አንድ ቄስ ወይም ሽማግሌ ቢጣመሩ መልካም ነው። ሁለቱን ችሎታዎች በአንድ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ከሆነ፣ ወላጆች ልጁን በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ሽማግሌው የሚወስዱበት ቋሚ ቀን ይቁረጡ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ፊደሉን ከግእዙ ጋር እያስተያዩ መቁጠር

የዕብራይስጥ ፊደል 22 ሲሆን የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከሀ ሁ ሂ በኋላ አቡጊዳን የቆጠረ ሰው የዕብራይስጡ ተራ እንግዳ አይሆንበትም፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት የሚለው አካሄድ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት ከሚለው የግእዝ ፊደላት ስያሜ ጋር አንድ ቤተሰብ ነውና። በግእዙ ዳዊት 118ኛው መዝሙር ክፍሎች ራስ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ መጻፉም ከዚህ የመጣ ነው፤ ይህ መዝሙር በዕብራይስጡ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ፊደል የሚጀምር በመሆኑ፣ የግእዙ መጽሐፍ የፊደላቱን ስም ይዞ ቆይቷል።

በግእዝ ፊደል የድምፁ ለውጥ በራሱ በፊደሉ ቅርጽ ላይ ሲታይ፣ በዕብራይስጥ ግን ኒኩድ በሚባሉ ነጥቦችና ጭረቶች ይታያል፤ እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከፊደሉ ሥር ይቀመጣሉ። ጀማሪው አምስት ነገሮችን ለይቶ ቢያጠና ብዙ ስሕተት ይቀርለታል። አንደኛ፣ ቤት የተባለው ፊደል በሆዱ ነጥብ ሲኖረው ብ፣ ሳይኖረው ቭ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ካፍ ነጥብ ሲኖረው ክ፣ ሳይኖረው ኽ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፔ ነጥብ ሲኖረው ፕ፣ ሳይኖረው ፍ ይሆናል። አራተኛ፣ ሺን ነጥቡ በቀኝ ራሱ ላይ ሲሆን ሽ፣ በግራ ራሱ ላይ ሲሆን ስ ተብሎ ይነበባል። አምስተኛ፣ ካፍ፣ ሜም፣ ኑን፣ ፔና ጻዴ በቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ።

የማንበቡን ልምምድ በሚመለከት የደቡብ ጎንደር ደጋ ነባር የትምህርት ዘዴ ይረዳል። አካባቢው በጋይንት በሚገኘው የቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤትና በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ ያለው የንባብ ትምህርት ተማሪው በመጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠቆመ እንዲቆጥር፣ ቀጥሎ ቃሉን እንዲያያይዝ፣ በመጨረሻም ማንሣትና መጣሉን ጠብቆ እንዲያነብ ያደርጋል። እምነቱ ሌላ ቢሆንም ዘዴው ለዕብራይስጡም ይሠራል፤ ስለዚህ ተማሪው አንድን መስመር መጀመሪያ በፊደል፣ ቀጥሎ በቃል፣ ከዚያ በሐረግ፣ በመጨረሻ በዜማ እንዲያልፍበት ይደረግ። ዜማው ቀድሞ ከገባ ግን አንደበቱ ፊደሉን ሳያይ ስለሚሮጥ፣ የተሳሳተ ንባብ ሥር ሰድዶ ለማቃናት ያስቸግራል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የቃላቱን ዝምድና መለየት

ዕብራይስጥና ግእዝ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች በመሆናቸው ቃላቸው በሦስት ፊደል ሥር ላይ የሚታነጽ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሥርዓት አለው። ተማሪው የሚከተሉትን አራት የልዩነት መንገዶች ከያዘ፣ በሲዱሩ ውስጥ በየገጹ የሚያውቃቸውን ቃላት ያገኛል።

የመጀመሪያው፣ የዕብራይስጡ ሽ በግእዝ ብዙ ጊዜ ስ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ሻሎም ሰላም፣ ሼም ስም፣ ሻማይም ሰማይ፣ ሽማዕ ስማዕ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የዕብራይስጡ ኦ በግእዝ ብዙ ጊዜ አ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ዖላም ዓለም፣ ቆል ቃል ይሆናል። ሦስተኛው፣ በቃል መካከልና መጨረሻ የሚላሉት ቭና ኽ በግእዝ በና ከ ሆነው መገኘታቸው ነው፤ ሌቭ ልብ፣ ባሩኽ ብሩክ፣ ብራኻ በረከት ይሆናል። አራተኛው፣ የዕብራይስጡ ፐ በግእዝ ፈ መሆኑ ነው፤ በዛፍ ፍሬ ላይ በሚባለው ቡራኬ ውስጥ የሚገኘው ፔሪ ፍሬ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚመጣው ዔጽ ደግሞ ግእዙ ዕፅ የሚለው ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ኤሐድ አሐዱ፣ ቃዶሽ ቅዱስ፣ ኔፌሽ ነፍስ፣ ዜኼር ዝክር፣ ዐይን ዐይን፣ ባይት ቤት መሆናቸውን ማየት ይቻላል፤ መማር የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ላማድም በአማርኛ ለመደ ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ይሁን እንጂ ዝምድናው ሁልጊዜ ትርጉምን አይጠብቅም። ሌሔም በዕብራይስጥ እንጀራ ወይም ዳቦ ማለት ሲሆን ግእዙ ላህም የሚለው ላም ነው። ጊቦር በዕብራይስጥ ኃያል ሲሆን ግእዙ ገብር የሚለው አገልጋይ ነው፤ በጸሎቱ ውስጥ ስለ እግዚአብሔር ኃይል የሚናገረውን ቃል በግእዙ የተረዳ ሰው ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ሜሌኽ ንጉሥ ሲሆን አምላክ ከሚለው ቃል ጋር ሥሩን ይጋራል፤ ማላኽ ግን መልአክ ነው፤ ሁለቱ በጆሮ ስለሚቀራረቡ ፊደላቸውን አይቶ መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው በደብተሩ ሁለት ገጾች ይክፈት፤ በአንዱ የሚገጥሙትን፣ በሌላው የሚያሳስቱትን ቃላት እየጻፈ በየሳምንቱ አሥር አሥር ቃል ቢጨምር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በየዕለቱ ጸሎት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን አብዛኛዎቹን ቃላት ይይዛል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሽማዕንና አጫጭር ቡራኬዎችን መያዝ

የመጀመሪያው የቃል ጥናት ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ በሚባለው ሞዴ አኒ በተባለው አጭር ምስጋና ይጀምር፤ እርሱ በአንድ ቀን ሊያዝ ይችላል። ቀጥሎ ሽማዕ ይመጣል፤ ይህ የእምነት መግለጫ ከኦሪት የተወሰዱ ሦስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እነርሱም ዘዳግም ምዕራፍ 6 ከቁጥር 4 እስከ 9፣ ዘዳግም ምዕራፍ 11 ከቁጥር 13 እስከ 21 እና ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 ከቁጥር 37 እስከ 41 ያሉት ናቸው። የቤተ እስራኤል ልጅ እነዚህን ክፍሎች በአያቶቹ የግእዝ ኦሪት ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ ቄሱ ክፍሉን በግእዝ ያንብብለት፣ ወላጁ በአማርኛ ያስረዳው፣ ከዚያ መምህሩ በዕብራይስጥ ያስጠናው። በዚህ ቅደም ተከተል ያለፈ ልጅ ዕብራይስጡን የሚያነበው አሳቡን አስቀድሞ በሚያውቀው ጽሑፍ ላይ በመሆኑ፣ ቃሉና ትርጉሙ አብረው ይገቡለታል።

በአይሁድ ሕግ ካቫና የሚባል ነገር አለ፤ ይህም ልብን ወደሚነገረው ነገር ማቅናት ማለት ነው። በሽማዕ የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ካቫና ግዴታ ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ሶጣ በሚባለው ክፍሉ፣ ሽማዕን፣ የቁም ጸሎትንና ከማዕድ በኋላ የሚደርሰውን ምስጋና ሰው በማንኛውም ቋንቋ ሊያደርስ እንደሚችል ሲፈቅድ፣ የካህናትን ቡራኬ ግን በቅዱሱ ቋንቋ ብቻ ይወስናል። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንደኛ፣ ዕብራይስጥ ገና ያልገባው ጎልማሳ በሚገባው ቋንቋ ከመጸለይ የሚከለክለው የለም፤ ሁለተኛ፣ በግእዝ ለዘመናት የጸለዩ አባቶች ጸሎት እንደ ጉድለት ሊታይ አይገባም።

ቡራኬዎችን ለመማር ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የቤት ማዕድ ነው። በደጋው አገር የሚበሉትን ነገሮች መሠረት አድርጎ ማስጠናት ለልጁ ይቀልለዋል። ከስንዴ ወይም ከገብስ በተጋገረ ዳቦ ላይ ሀሞጺ የሚባለው ቡራኬ ይደርሳል፤ ከበሉ በኋላም ብርካት ሀማዞን የተባለው ረጅም ምስጋና ይከተላል። እንደ ባቄላና ድንች ባሉ ከመሬት በሚገኙ ምግቦች ላይ የምድር ፍሬን የሚያነሣው፣ እንደ ብርቱካንና ኮክ ባሉት ላይ የዛፍ ፍሬን የሚያነሣው ቡራኬ ይባላል። በውኃ፣ በወተት፣ በቡና፣ በጠላና በጠጅ ላይ የሚባለው ሸሀኮል የተባለው ሲሆን፣ ሁሉ በእግዚአብሔር ቃል መሆኑን የሚመሰክር ነው። ጤፍ ሕጉ ከሚቆጥራቸው ከአምስቱ የእህል ዓይነቶች ውስጥ ባለመገኘቱ፣ በጤፍ እንጀራ ላይ ስለሚባለው ቡራኬ ረቢዎች በተለያየ መንገድ ያስተምራሉ፤ ቤተሰቡ የራሱን ረቢ ጠይቆ አንዱን ይዞ ቢጓዝ ልጁ ግራ አይጋባም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ይታወሱ። ባለ አራት ፊደሉ የእግዚአብሔር ስም በጸሎት ጊዜ አዶናይ ተብሎ የሚነበብ ሲሆን፣ ጎልማሳ ተማሪ ለልምምድ ብቻ በሚያነብበት ጊዜ ሀሼም፣ ማለትም ስሙ፣ እያለ ይለፍ፤ በሕጉ ለሕፃናት ቡራኬን በሙሉ አነጋገሩ ማስተማር የተፈቀደ ነው። ስሙ የተጻፈበት የልምምድ ወረቀትም አይጣል፤ ያረጁ ቅዱሳት ጽሑፎች በሚሰበሰቡበት፣ ጌኒዛ በሚባለው ስፍራ ይቀመጥ።

አምስተኛ ደረጃ፦ የጸሎትን ሰዓትና አቅጣጫ ማወቅ

የጠዋቱ ሽማዕ የሚደርሰው እስከ ቀኑ ሦስተኛ ሰዓት መጨረሻ፣ የጠዋቱ የቁም ጸሎት ደግሞ እስከ አራተኛው ሰዓት መጨረሻ ነው፤ እነዚህ ሰዓቶች የሚቆጠሩት የቀኑን ብርሃን ለአሥራ ሁለት በመክፈል ነው። ኢትዮጵያዊው ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ብሎ ስለሚቆጥር፣ በደቡብ ጎንደርም የቀንና የሌሊት ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ የሕጉ አቆጣጠር ከአገሩ ሰዓት ጋር ይቀራረባል። ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ትንሽ ስለሚለያይና የሊቃውንቱም ስሌት ስለማይገጥም፣ ጠንቃቃ ሰው ሽማዕን ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ቢያደርስ ከክርክሩ ሁሉ ይወጣል።

ጸሎተኛው ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞራል። በአውሮፓና በአሜሪካ የታተሙ የመማሪያ መጻሕፍት ወደ ምሥራቅ መዞርን ቢያስተምሩም፣ ይህ ለዚያ አገር ነዋሪ የተነገረ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወይም ከጎንደር ሆኖ ለሚጸልይ ሰው ኢየሩሳሌም በሰሜን በኩል፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ትገኛለች። መምህሩ ይህን በካርታ ቢያሳይ ልጁ የአቅጣጫውን ምክንያት ጭምር ይረዳል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ዐሚዳን በክፍል በክፍል መማር

ዐሚዳ በቁም የሚደርስ ዋና ጸሎት ሲሆን፣ ስሙም ዐምድ ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ሥሩን ይጋራል። በሥራ ቀን 19 ቡራኬዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምስጋና፣ የመካከለኞቹ 13 ልመና፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ስግደትን፣ ምስጋናንና ሰላምን የሚመለከቱ ናቸው። በሰንበት ቀን የመካከለኞቹ ልመናዎች በአንድ የሰንበት ቡራኬ ስለሚተኩ ጠቅላላው 7 ይሆናል። ጀማሪው 19ኙን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከመሞከር ይልቅ በሰባቱ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ከእነርሱ ስድስቱ በሥራ ቀንም የሚመለሱ ስለሆኑ ድካሙ ባክኖ አይቀርም።

የ13ቱ ልመናዎች አሳብ በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ማስተዋል፣ ንስሐ፣ ይቅርታ፣ ቤዛነት፣ ፈውስ፣ የዓመቱ በረከት፣ የተበተኑት መሰብሰብ፣ የፍትሕ መመለስ፣ የክፉዎች መውደቅ፣ ለጻድቃን ምሕረት፣ የኢየሩሳሌም መታነጽ፣ የዳዊት ዘር መነሣት፣ የጸሎት መሰማት። ተማሪው ዕብራይስጡን ከማጥናቱ በፊት ይህን ዝርዝር በአማርኛ በቃሉ ይያዝ፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ቡራኬ እየወሰደ፣ መጀመሪያ ዋና ዋና ቃላቱን ከደብተሩ ያውጣ፣ ቀጥሎ ያንብብ፣ በመጨረሻም በራሱ አነጋገር በአማርኛ ያስረዳ። የማስረዳቱ ፈተና ካልተሳካ ወደሚቀጥለው ቡራኬ አይለፍ።

በዓመቱ በረከት ላይ የሚነሣው የዝናብ ልመና ለደጋው ሰው የተለየ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከእስራኤል ውጭ የሚኖር አይሁዳዊ በዘጠነኛው ቡራኬ ዝናብ መለመን የሚጀምረው በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ማታ፣ በአንዳንድ ዓመትም ታኅሣሥ 5 ማታ ሲሆን፣ የሚያቆመው በፋሲካ ነው። በደቡብ ጎንደር ግን ይህ ጊዜ በአብዛኛው የበጋ ወቅት ነው፤ ገበሬው ሰማይ ሰማይ የሚያየው ከሰኔ ጀምሮ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ በጥንት ዘመን የነነዌ ሰዎች አቅርበው እንደነበር ታልሙድ፣ ማለትም የሚሽናን ሰፊ ማብራሪያ የያዘው መጽሐፍ፣ በታዓኒት ክፍሉ ይተርካል፤ የተሰጣቸውም መልስ በበጋ ወራት ዝናብ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ልመናቸውን ጸሎትን ስለሚሰማ አምላክ በሚናገረው በ16ኛው ቡራኬ ውስጥ በግል ያቅርቡ የሚል ነው። ስለዚህ የክረምቱ ዝናብ የዘገየበት የፎገራ ወይም የፋርጣ ተማሪ በዚህ ቡራኬ ውስጥ ስለ አገሩ ዝናብ በሚያውቀው ቋንቋ መለመን ይችላል፤ ይህን የተረዳ ልጅም ጸሎቱ ስለ ሩቅ አገር ብቻ የተጻፈ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ዳዊትን ከሲዱሩ ጋር ማገናኘት

የሲዱሩ ብዙ ክፍል ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ በመሆኑ፣ ዳዊት መድገም የሚያውቁ ወላጆች በዚህ ደረጃ ከማንም በላይ ይረዳሉ። አስቸጋሪ የሚሆነው የቁጥሩ ልዩነት ብቻ ነው። የግእዙ ዳዊት የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙሮች እንደ አንድ ስለሚቆጥር፣ ከዕብራይስጡ 11 እስከ 113 ያሉት በግእዙ በአንድ ዝቅ ብለው ከ10 እስከ 112 ይሆናሉ፤ ከ117 እስከ 146 ያሉትም እንዲሁ በአንድ ዝቅ ይላሉ፤ ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ያሉት ግን በሁለቱም አንድ ናቸው። በዚህ መሠረት አሽሬ ተብሎ በየቀኑ የሚደርሰው 145ኛው መዝሙር በግእዙ 144ኛው ነው፤ የሰንበት መዝሙር የተባለው 92ኛው 91ኛው ነው፤ በየቁጥሩ የምሕረትን ዘላለማዊነት የሚደጋግመው 136ኛው ደግሞ 135ኛው ነው። ተማሪው ይህን ሰንጠረዥ በሲዱሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ቢጽፍ፣ እርሱ በዕብራይስጥ ሲያነብ አባቱ ያንኑ መዝሙር በግእዝ መከተል ይችላል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የሳምንቱን ጥናት ማደራጀት

ከእሑድ እስከ ሐሙስ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፤ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ያለፈውን ለመከለስ፣ ቀጣዩ አሥር ደቂቃ አዲሱን መስመር ለማንበብ፣ የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ትርጉሙን በአማርኛ ለመናገር ይሁን። ዓርብ ቀን አዲስ ነገር አይጨመር፤ በእርሱ ፈንታ ሰንበት በወይን ላይ የሚቀደስበት ኪዱሽ ይከለስ። በሰንበት መጻፍ ስለማይፈቀድ ጥናቱ በአፍ ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በጸሎት ቤት የሰሙትን በቤት ለመደጋገምና ቄሶችና ሽማግሌዎች የግእዙን ጸሎት ሲያደርሱ ለማዳመጥ የተመቸ ቀን ያደርገዋል። ልጁ ወንድ ከሆነ በ13፣ ሴት ከሆነች በ12 ዓመት ትእዛዛትን ለመጠበቅ ኃላፊነት ስለሚመጣ፣ ትምህርቱን በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሳይጣደፍ ይደርሳል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ የግእዙን ጸሎት ከሽማግሌዎች መረከብ

የዕብራይስጡ ትምህርት ሲጸና፣ ተማሪው በእጁ ያለውን ዕውቀት ወደ ኋላ መልሶ በወላጆቹ ጸሎት ላይ ሊያውለው ይገባል። አንድ ቡራኬ ወይም መዝሙር በተማረ ቁጥር ከቄሱ ወይም ከአያቱ ዘንድ ቀርቦ፣ ተመሳሳይ አሳብ ያለውን የግእዝ ወይም የአገውኛ ጸሎት እንዲያሰሙት ይጠይቅ፤ ፈቃዳቸው ሲሆንም በሥራ ቀን በስልክ ድምፃቸውን ይቅረጽ፣ የጸሎቱን ስም፣ የሚባልበትን ጊዜና ያሰማውን ሰው የትውልድ መንደር ይመዝግብ። ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ጸሎቶች በቃል የተላለፉ በመሆናቸው፣ ይህ ሥራ ለትምህርት ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር የማኅበረሰቡን ቅርስ ማዳን ነው። ለዚህ መነሻ የሚሆን የተመቸ በዓል ስግድ ነው፤ ስግድ ከዮም ኪፑር ማለትም ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን በተባለው ወር በ29ኛው ቀን የሚውል ሲሆን፣ ሕዝቡ ጾሞ ወደ ከፍታ ስፍራ ወጥቶ ኦሪት የሚሰማበትና ወደ ኢየሩሳሌም የሚማጸንበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ ስለ ታወጀ፣ ትምህርት ቤቶች የቄሶችን የግእዝ ጸሎት ከዕብራይስጡ ጋር ጎን ለጎን ለማስተማር በዚህ ቀን መጠቀም ይችላሉ።

የትምህርቱ ፍሬ የሚመዘንበት መንገድ

በየሦስት ወሩ መምህሩና ወላጁ ተማሪውን በሦስት ጥያቄዎች ይመዝኑት። የመጀመሪያው፣ ካልጠናው የሲዱር ገጽ አንድ አንቀጽ ያለ ስሕተት ማንበብ ይችላል ወይ የሚል ነው፤ ይህ ንባብን ከሽምደዳ ይለያል። ሁለተኛው፣ በየቀኑ የሚያደርሰውን ጸሎት ዕብራይስጥ ለማያውቅ ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ በአማርኛ ማስረዳት ይችላል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ከአያቶቹ የግእዝ ጸሎት ቢያንስ አንዱን ከነትርጉሙ ያውቃል ወይ የሚል ነው። ሁለቱን መልሶ በሦስተኛው የወደቀ ተማሪ ቢኖር ጉድለቱ የልጁ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ አሰጣጥ ጭምር በመሆኑ፣ መምህሩ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ሲያቅድ የሽማግሌውን ቀን ከሳምንቱ መርሐ ግብር ቀዳሚ አድርጎ ይመድበው፤ ሌላው ትምህርት ሁሉ በኋላም ከመጽሐፍ ሊሟላ ይችላል፣ የቄሱ ቃል ግን ቄሱ በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ አይገኝም።